የሮዲዮ ወራት አለባበስና የልብሱ ጥንተ ነገር

በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት፣ በሂውስተን ከተማ፣ የካቲት ከተጋመሰ በኋላ ታላቁ የከብት ትርኢትና የሮዲዮ ውድድር ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በዋዜማው ዓርብ የባንክ ጸሐፊውና አስታማሚዋ፣ መምህሩና ደቀ መዝሙሩ፣ ነጋዴውና ጠበቃው ሁሉ የዘወትር ልብሳቸውን ትተው፣ ጠርዘ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው፣ አፍንጫው የሾለ ቦት ጫማ ተጫምተው፣ ባለ ትልቅ ዘለበት ቀበቶ ታጥቀው ወደየሥራቸው ሲሄዱ ይታያሉ። በዚያች ከተማ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ልጆቻቸውን በዚያ ዕለት እንደ አገሩ ልማድ አልብሰው ወደ ትምህርት ቤት ይሰዳሉ። ልማዱ በሥርዓት የተጀመረው በ1954 ዓ.ም. ነው (ዓመታቱንና ቀኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)፤ ከዚያም 2 ዓመት ቀደም ብሎ ጥቂት ሰዎች ከብሬንሃም ከተማ ተነሥተው በፈረስና በሠረገላ እስከ ሂውስተን መጓዛቸው የሕዝቡን ልብ አነሣሥቶ፣ ዛሬ በየዓመቱ ከየአቅጣጫው ብዙ ፈረሰኞች መንገዱን እያጣበቡ ወደ ከተማው ይገባሉ። ይህን ሰልፍ የሚያይ እንግዳ፣ አለባበሱ ከአበው ወደ ውሉድ ሳይለወጥ የወረደ ጥንታዊ ትውፊት ቢመስለው አይፈረድበትም። እኔን ግን ዜና መዋዕሉን በመረመርኩ ቁጥር የሚያስደንቀኝ፣ ሥራ የወለደውን ልብስ ሥራው ከሞተ በኋላ ትርኢት እንዳሳደገው፣ የዛሬ መልኩንም በብዛት የሰጡት በስፌት መኪና ፊት የተቀመጡ ስደተኞች መሆናቸው ነው፤ እነዚያም ሰዎች በየስማቸው እንዲታሰቡ እወዳለሁ።

የልብሱን ሥር የሚሻ ሰው አስቀድሞ ወደ ሜክሲኮ መውረድ ይገባዋል። የእስፓንያው ወራሪ ኮርቴስ በ1519 ፈረሶቹን ከመርከብ አውርዶ በዚያ ምድር ካቆመ በኋላ፣ የቀንድ ከብትም ተከትሎ ገብቶ በሰፊው ሜዳ በበዛ ጊዜ፣ ሕንዶች የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች በፈረስ እንዳይቀመጡ ከልክለው የነበሩት የእስፓንያ ገዢዎች እረኛ ቢቸግራቸው ክልከላውን በገዛ እጃቸው ሻሩት፤ ከዚህም ቫኬሮ የሚባለው ፈረሰኛ ከብት ጠባቂ ተነሣ። ይህ ሰው ደኃ ስለ ነበር የልብሱን ልክ የቆረጡለት ፀሐዩና እሾሁ ነበሩ፤ ፀሐዩን በጠርዘ ሰፊ ባርኔጣ፣ እሾሁን ከሱሪ በላይ በሚታጠቅ የቆዳ ገምባሌ ተከላከለ፤ ከጥሬ ቆዳ የተጎነጎነ ገመድ ወርውሮ የኮርማ ቀንድ መያዝን፣ የገመዱንም ጫፍ በኮርቻው ጉብ ላይ ጠምዝዞ ከብቱን ማስቀረትን ተማረ። በሜዳ የተበተነው ከብት ተሰብስቦ የሚቆጠርበትና ጥጃው የባለቤቱን ምልክት የሚተኮስበት ጊዜ ሮዲዮ ይባል ነበር፤ ሥራው ሲያልቅም ፈረሰኞቹ በግልቢያና በገመድ ውርወራ ይፎካከሩ ነበር። የእስፓንያ ሹም የነበረው ሁዋን ዴ ኦኛቴ በ1598 ሪዮ ግራንዴን ተሻግሮ ሰውና ከብት ወደ ኒው ሜክሲኮ ባስገባ ጊዜ ይህ ሁሉ ጥበብ አብሮት ተሻገረ። ስለዚህ በ1820ዎቹ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ሰፋሪዎች ወደ ቴክሳስ ሲመጡ ያገኙት፣ ልብሱም ሥርዓቱም የተደላደለ የፈረሰኛ አገር ነበር፤ ገመዱን፣ ገምባሌውንና የኮርቻውን ሥራ ከነስማቸው ከቫኬሮዎቹ ተቀበሉ፤ የወረሱትን ያህል ግን አላመሰገኑም።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 ሲፈጸም በቴክሳስ ሜዳ ጠባቂ ያጣ ከብት እጅግ በዝቶ ነበር፤ በዚያ 4 ዶላር የማያወጣው በሬ በሰሜን ከተሞች እስከ 40 ዶላር ይሸጥ ነበርና፣ ጆሴፍ ማኮይ የሚባል ነጋዴ በ1867 በካንሳስ አቢሊን ከተማ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ሰፊ የከብት በረት አሠርቶ መንገዱን ከፈተ። ከዚያ ወዲያ ወጣቶች በሺህ የሚቆጠር ከብት ከፊታቸው አድርገው፣ ወንዝ እየተሻገሩ፣ ሌሊት በየተራ እየጠበቁ፣ ወራት በሚፈጅ ጉዞ ወደ ሰሜን ይነዱ ጀመር። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ከባርነት ገና የወጡ ጥቁሮች ነበሩ፤ የታሪክ ሊቃውንት ከ4ቱ 1ዱ ጥቁር ነበር ብለው ይገምታሉ። በ1854 በቴኔሲ በባርነት የተወለደው ናት ላቭ የሕይወቱን ታሪክ ራሱ ጽፎ በ1907 አሳትሟል፤ ጠርዘ ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ኮርቻውን በእግሩ ሥር አኑሮ፣ ጠመንጃውን ይዞ የተነሣው ፎቶግራፍ ዛሬም ይታያል። ይህን የምጽፈው ብዙ ዘመን ሲኒማው የከብት ነጂውን ልብስ ለነጭ ብቻ አልብሶ ስላሳየን ነው።

በዚያ ዘመን ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ የሚለብስ አይምሰለን። ከጦርነቱ የተረፈ የወታደር ካፖርት የሚደርብ፣ የሱፍ ሱሪ የሚታጠቅ፣ ክብ የከተማ ባርኔጣም የሚደፋ ነበር። ከሁሉ የማይለየው የአንገት መሐረብ ነው፤ ከመንጋው በስተ ኋላ የሚጋልበው ልጅ የሺህ ከብት አቧራ በፊቱ ላይ ሲነሣበት አፍና አፍንጫውን የሚሸፍንበት ሌላ መከታ አልነበረውም። ሰደርያ የሚለብሰውም ለማጌጥ አይደለም፤ በኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው የሱሪውን ኪስ ሊጠቀምበት ስለማይችል፣ ትምባሆውንና ክብሪቱን በደረቱ ኪስ ይይዝ ነበር።

ባርኔጣው የራሱ ታሪክ አለው። ጆን ስቴትሰን በ1830 በኒው ጀርሲ የባርኔጣ ሠሪ ልጅ ሆኖ ተወለደ፤ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ፣ አየሩ ይሻለኛል ብሎ ወደ ምዕራብ በተሰደደ ጊዜ፣ እንደሚተረከው ከጓደኞቹ ጋር በድንኳን ሲኖር የአውሬ ጠጉር በእንፋሎት እየጠቀጠቀ ፌልት ማበጀትን አሳያቸው፤ ከዚያም የሠራውን ትልቅ ባርኔጣ አንድ ፈረሰኛ በ5 ዶላር ወርቅ ገዛው። ስቴትሰን ወደ ምሥራቅ ተመልሶ በ1865 በፊላደልፊያ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ «የሜዳው አለቃ» የሚል ስም የሰጠውን ባርኔጣ መሥራት ጀመረ። የቢቨርና የጥንቸል ጠጉር ተበጥሮ በቀጭኑ ይነጠፋል፤ በፈላ ውኃ እየተነከረ፣ እየተጠቀለለና እየተጨመቀ ከመጀመሪያው ስፋቱ ብዙ እጅ እስኪያንስ ድረስ ይጠነክራል፤ ከዚያ በእንጨት ቅርጽ ላይ ተወጥሮ አናቱና ጠርዙ ይወጣለታል። የተጠናቀቀው ፌልት ዝናብ አያሳልፍም፤ ፈረስ ቢጠማው ውኃ ይቀዳበታል፤ እሳት ለማራገብም ያገለግላል። በዚያ ዘመን ጠጉሩን ለማለስለስ ሜርኩሪ ይጨመር ስለ ነበር፣ ብዙዎች ባርኔጣ ሠሪዎች እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ አእምሯቸውም እየታወከ ዕድሜያቸውን እንደጨረሱ መዘንጋት አይገባም። የስቴትሰን ባርኔጣ ሲሸጥ አናቱ ድቡልቡል፣ ጠርዙም ዝርግ ነበር፤ ዛሬ የምናያቸው ስርጉዶችና የጠርዙ መታጠፍ፣ ባለቤቱ በእጁ እየያዘ ሲያወልቅና ሲደፋ የመጡ ናቸው። ከጊዜ በኋላ ግን እያንዳንዱ አገር የራሱን ስርጉድ ለይቶ ያዘና፣ ዐዋቂ ሰው ባርኔጣውን አይቶ ባለቤቱ ከወዴት እንደመጣ የሚናገርበት ትእምርት ሆነ። በጋ ሲገባ የገለባ ባርኔጣ፣ ክረምት ሲመጣ ፌልት መድፋትም ሥርዓት ነው፤ ውድድር በጸሎትና በብሔራዊ መዝሙር ሲከፈት ሺህ ባርኔጣ ባንድ ጊዜ ይወልቃል።

ቦት ጫማውን በቅርብ ለተመለከተው ሰው፣ ከአፍንጫው እስከ ተረከዙ ያለ ምክንያት የተሠራ አንድ ስፌት አያገኝበትም። አፍንጫው የሾለው በሚሸሽ ፈረስ ላይ ሲወጡ እርካቡን ሳያዩ በቶሎ ለማግኘት ነው፤ ሶሉ ልሙጥ ቆዳ የሆነው እግር በቀላሉ ገብቶ በቀላሉ እንዲወጣ ነው፤ ተረከዙ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ የተቆረጠው እግሩ እርካቡን አልፎ እንዳይሰነቀር ነው፤ ማሰሪያ ያልተደረገለትም ፈረሱ ጥሎት እግሩ ቢያዝ፣ ጫማው ወልቆ ሰውዬው ከመጎተት እንዲድን ነው። የአገራችን የጥንት ፈረሰኛ ባዶ እግሩን ሆኖ በጠባብ እርካብ አውራ ጣቱን ብቻ ስለሚያስገባ ቢወድቅ አይያዝም ነበር፤ የቴክሳሱ ፈረሰኛ ግን ይህን ደኅንነት በተረከዝ ቁመት ገዛው። በረጅሙ ቅልጥም ላይ ረድፍ በረድፍ የተሰፋው የክር ጌጥ እንኳ ቆዳው እንዳይተጣጠፍ ደግፎ የሚያቆም ነው፤ ከሶሉም መካከል ጥሩ ጫማ ሰፊ በምስማር ፋንታ የእንጨት ችካል ይመታል፤ ቆዳው ርሶ ሲያብጥ እንጨቱም አብሮት ያብጣልና አይላቀቅም። ኤች. ጄ. ጀስቲን በ1879 ስፓኒሽ ፎርት በምትባል የቴክሳስ መንደር፣ ከብት ነጂዎቹ ቀዩን ወንዝ ከሚሻገሩበት አጠገብ ሱቁን ከፈተ፤ ወደ ሰሜን ሲሄዱ እግራቸውን ለክቶ፣ ሲመለሱ ጫማውን ያስረክባቸው ነበር። በኋላም ከብት ነጂው በሰፈሩ ሆኖ የእግሩን ልክ ራሱ ወስዶ በፖስታ የሚልክበት የመለኪያ ወረቀት ተዘጋጀና፣ የጀስቲን ስም ከመንገዱ ርቆ ተሰማ።

ስለ ጂንስ ሱሪ ብዙ ተጽፏልና አሳጥራለሁ። ጃኮብ ዴቪስ ከሪጋ ተሰዶ በኔቫዳ ሬኖ ከተማ የተቀመጠ አይሁዳዊ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የሠራተኛ ሱሪ ኪስ ቶሎ እየተቀደደ ቢያስቸግር፣ በኪሱ ጥግ የመዳብ ሪቬት መታበት። ሥራው ቢወደድለትም ለፓተንቱ የሚከፈለው 68 ዶላር ስላልነበረው፣ ጨርቁን ለሚያቀርብለት ለሳን ፍራንሲስኮው ነጋዴ፣ ከባቫርያ ለመጣው ለሊቫይ ስትራውስ መብቱን በአንድነት እንዲያወጡ ጻፈ፤ በግንቦት 20 ቀን 1873 መብቱ በ139,121 ቁጥር ተመዘገበ። ሱሪው ግን በመጀመሪያ የማዕድን ቆፋሪና የቀን ሠራተኛ ልብስ ነበር፤ ፈረሰኛው ራሱን ከቆፋሪ ከፍ አድርጎ ይመለከት ስለ ነበር ብዙ ጊዜ ንቆት ኖሯል። ቀበቶ የሚገባበት ማያዣ እንኳ በሊቫይስ ሱሪ ላይ የተሰፋው በ1922 ነው። እንግዲህ ዛሬ «ጥንታዊ» የሚባለው ጂንስና ባለ ትልቅ ዘለበት ቀበቶ፣ በሰፊው ሜዳ ከብት በነዱት ሰዎች ዘንድ የተለመደ አልነበረም፤ ዘለበቱን ታላቅ ያደረገው ሮዲዮ ነው፤ ላሸናፊ የሚሰጥ ሽልማት ሆኖ፣ ስሙና ዓመቱ ተቀርጾበት፣ በወገብ ላይ የሚታይ መዓርግ ሆነ።

ሜዳው ክፍት ሆኖ የቆየው 20 ዓመት ያህል ብቻ ነበር። ጆሴፍ ግሊደን በ1874 ፓተንት ያወጣለት እሾሃም ሽቦ ምድሩን ከፋፈለው፤ የባቡር ሐዲድም ወደ ቴክሳስ ወረደ፤ በመጨረሻ ከ1886 እስከ 1887 የወረደው ብርቱ ውርጭና በረዶ በሰሜኑ ሜዳ ከብቱን ፈጀው። በዚያው ዘመን ዊልያም ኮዲ፣ በቅጽል ስሙ ቡፋሎ ቢል፣ በ1883 ትርኢቱን በኦማሃ ከፍቶ፣ ከ4 ዓመት በኋላ በንግሥት ቪክቶርያ የኢዮቤልዩ በዓል ጊዜ ፈረሰኞቹን ይዞ ወደ ለንደን ተሻገረ። የከብት ነጂው ልብስ የክብር ልብስ መሆን የጀመረው እዚህ ላይ ነው። በትርኢት ሜዳ ከሩቅ ለተቀመጠው ተመልካች የሚታይ ነገር ያስፈልጋልና፣ ባርኔጣው ሰፋ፣ ገምባሌው ዘርፍ አወጣ፣ ሸሚዙም ጥልፍ ጨመረ። ከተሞችም የየራሳቸውን በዓል አቆሙ፤ ፕሬስኮት በ1888፣ ሻየን በ1897፣ ፔንድልተን በ1910፣ በካናዳ ካልጋሪ በ1912።

ከትርኢቱ ሰዎች መካከል ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ቢል ፒኬት ነው። በ1870 በቴክሳስ ከጥቁር ቤተሰብ ተወልዶ፣ ከሚጋልብበት ፈረስ ላይ ዘሎ የወይፈኑን ቀንድ ይዞ አንገቱን በመጠምዘዝ፣ የታችኛውን ወይም የላይኛውን ከንፈሩንም እንደ ውሻ ነክሶ የሚጥልበትን ዘዴ አመጣ፤ ዛሬ በየሮዲዮው ወይፈን መጣል ተብሎ የሚታየው ውድድር ያለ ንክሻው የእርሱ ነው። በኦክላሆማ በሚለር ወንድማማቾች የ101 እርባታ ሥር ሆኖ በብዙ አገር ታየ፤ ጥቁር በመሆኑ በማይፈቀድለት ሜዳ ግን ዘሩ ተሸፍኖ እንደ ሕንድ ይቀርብ ነበር። በ1932 ፈረስ ረግጦት ሞተ፤ ስሙ ከብሔራዊው የሮዲዮ ጀግኖች መዝገብ የገባው በ1971 ነው። 

ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሲኒማው ነገሩን ከፍ አደረገው። ቶም ሚክስ፣ ራሱ በ101 እርባታ የሠራ ፈረሰኛ፣ በሸራ ላይ የሚታይ ታላቅ ነጭ ባርኔጣ ደፋ፤ ጂን ኦትሪና ሮይ ሮጀርስ ተከተሉት። ይህን ሁሉ የሰፋላቸው ማን ነው ብንል፣ መልሱ ከምሥራቅ አውሮፓ የተሰደዱ አይሁድ ልብስ ሰፊዎች ነው። በርናርድ ሊክተንስታይን ከፖላንድ ከሎጅ ከተማ መጥቶ በፊላደልፊያ ሱቅ ከፈተና ሮዲዮ ቤን ተባለ። ኑታ ኮትልያሬንኮ በ1902 በኪየቭ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ተልኮ፣ በኋላ ኑዲ ኮን በሚለው ስም በሰሜን ሆሊውድ መደብሩን ከፈተ፤ በመስታወት ፈርጥና በኅብረ ቀለም ጥልፍ ያጌጠው ልብሱ የዘፋኞች ሁሉ ምኞት ሆነ፤ ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1957 የለበሰው የወርቅ ልብስም የእርሱ ሥራ ነው። በኑዲ ዘንድ የሠራው ማኑኤል ኩዌቫስ ደግሞ ከሜክሲኮ ከሚቾዋካን የመጣ ነበር፤ ቫኬሮዎቹ የጀመሩት ልብስ ከብዙ ዘመን በኋላ በአገራቸው ሰው መርፌ ሥር ተመልሶ መግባቱን እንደ ፍትሕ እቆጥረዋለሁ።

ይሁን እንጂ ጌጡ ሥራውን አልረሳም። ሮዲዮ ቤን በ1947 ብሉ ቤል ለሚባለው ፋብሪካ ለፈረሰኛ የሚሆን ሱሪ ሲቀድ፣ ኪሱን በኮርቻ ላይ እንዳይቀመጡበት ከፍ አደረገው፤ ኮርቻ የሚቧጭረውን ሪቬት አለሰለሰው፤ ለሰፊ ቀበቶ የሚሆን ማያዣ ጨመረበት፤ ጂም ሾልደርስን የመሰሉ ተወዳዳሪዎች ለብሰው እየፈተኑት ራንግለር በሚለው ስም ወጣ። ከዚያ 1 ዓመት ቀደም ብሎ በዴንቨር ጃክ ዋይል ሮክማውንት የተባለ የሸሚዝ ፋብሪካ ከፍቶ፣ በቁልፍ ፋንታ ተጭነው የሚዘጉትን፣ የዕንቍ መልክ ያለውን መያዣ አደረገ፤ ሸሚዙ በኮርማ ቀንድ ወይም በኮርቻ ቢያዝ መያዣው ባንድ ጊዜ ይከፈትና ሰውዬው ይድናል። ዋይል በ2008 በ107 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ወደ ሥራው መምጣት አልተወም ነበር።

ሴቶቹም በሮዲዮ ሜዳ ብዙ ዋጋ ከፍለዋል። በ1900ዎቹ መጀመሪያ እንደ ሉሲል ሙልሃል ያሉት ሴቶች በሰፊ ሕዝብ ፊት ወይፈን በገመድ ይጥሉ፣ ያልተገራ ፈረስ ይጋልቡ ነበር፤ በአንድ ወገን ለመቀመጥ የሚያስገድደውን ረጅም ቀሚስ ትተው፣ ለሁለት የተከፈለ የግልቢያ ቀሚስ ለበሱ፤ በዚህም ይነቀፉ ነበር። በ1929 ቦኒ ማካሮል በፔንድልተን ከፈረስ ወድቃ በሞተች ጊዜ ግን ሐዘኑ የሴቶቹ መከልከያ ምክንያት ተደረገ፤ ወንድ ሲሞት ማንም ወንዶችን ስላልከለከለ ይህን ፍርድ ቅን ብዬ ልቀበለው አልችልም። ሴቶቹ በ1948 በሳን አንጄሎ ቴክሳስ የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ተመለሱ።

ወንዶቹም ከዚያ 12 ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1936፣ የቦስተን ውድድር የሽልማት ገንዘቡ አንሶ ሥራ አቁመው ነበርና ከዚያ የተነሣው ማኅበር ዛሬ የሙያውን ደንብ ይጽፋል፤ ተወዳዳሪው ባርኔጣና ባለ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ለብሶ እንዲቀርብ የሚያዝዘውም ይኸው ደንብ ነው። በካልጋሪ ደግሞ ልማዱ ከሜዳው አልፎ የከተማው መስተንግዶ ሆነ። ሞሪስ ሹሚያቸር የሚባል ከሩሲያ የመጣ ስደተኛ የመሠረተው ስሚዝቢልት የተባለ የባርኔጣ ፋብሪካ ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነጭ ፌልት ባርኔጣ አወጣ፤ በ1948 የከተማው የካናዳ ስልት እግር ኳስ ቡድን ደጋፊዎች ይህን ደፍተው እስከ ቶሮንቶ ቢዘልቁ አገሩ ሁሉ አየው፤ በኋላም ከንቲባው ዶን ማካይ ለታላላቅ እንግዶች በስጦታ ይሰጠው ጀመረ።

ልብሱ አሁንም አላለቀም። በሐምሌ 30 ቀን 1989 በሻየን ሜዳ የ1987ቱ የዓለም የኮርማ ግልቢያ አሸናፊ ሌን ፍሮስት ግልቢያውን ፈጽሞ ከወረደ በኋላ፣ ኮርማው ዞሮ በጎኑ ወጋውና የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ በ25 ዓመቱ ሞተ። ባልንጀራው ኮዲ ላምበርት በዚያው ሜዳ ነበረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የፈረስ እሽቅድምድም ጋላቢዎች የሚለብሱትን መከላከያ አይቶ፣ ደረትና ጎን የሚጠብቅ ጥሩር አበጀ፤ ወዲያውም የኮርማ ጋላቢ ሁሉ ልብስ ሆነ። ቀጥሎም የራስ ቁር መጣ፤ የኮርማ ጋላቢዎች ድርጅት ከጥቅምት 15 ቀን 1994 ወዲህ የተወለደ ጋላቢ ሁሉ የራስ ቁር እንዲያደርግ ደነገገ፤ ከዚያ በፊት የተወለዱት ግን በባርኔጣ ለመጋለብ ተፈቀደላቸው። ዛሬ ሰፊዎቹ ጥሩሩን በቆዳ ለብጠው፣ ዘርፍ አድርገውለት፣ የባለቤቱን ስም በደረቱ ላይ ይጠልፉለታል።